ካዝናው ተረፈ፣ ሃርድ ዲስኩ አልተረፈም፦ መጠባበቂያ ቅጂን የት እናስቀምጥ?

ፎቶ ቤት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ለ11 ዓመታት በፎቶና በቪዲዮ ሥራ ስተዳደር ቆይቻለሁ። የደረሰብኝን የምጽፈው ከእኔ ስሕተት የሚማር ሰው እንዲኖር፣ ለእኔም መላ የሚነግረኝ ባለሙያ ቢገኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ከሚጋራው ቤት የተነሣ እሳት ወደ እኔ ተሻገረ። የሰፈራችንን የቤት አሠራር የምታውቁ በቀላሉ ይገባችኋል፤ ፊት ለፊቱ ብሎኬት ቢሆንም ኋላው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለውን ክፍተት ሱቅ ከሱቅ የሚለይበት ምንም ነገር የለም። እሳቱ በሬንም መስኮቴንም ሳይነካ በኮርኒሱ ላይ ሄዶ ከላይ ወረደብኝ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ከእኔ ወዲያ እንዳይዛመት አደረጉት፤ የሰው ሕይወትም አልጠፋም፣ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ ራሴን ጠንቃቃ አድርጌ እቆጥር ነበር። 4 ቴራባይት የሚሆነው የደንበኞቼ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትናና ምረቃ በኮምፒውተሬ ውስጥ ነበር፤ የሁሉም ቅጂ በአንድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ ያንንም ዲስክ ማታ ማታ እሳት አይበላውም ተብዬ በገዛሁት ካዝና ውስጥ እቆልፍበት ነበር። ኮምፒውተሩ ቀልጦ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል። ካዝናውን ግን በሦስተኛው ቀን ስንከፍተው ቅርጹ አልተለወጠም፣ ቁልፉም ሠርቷል። በውስጡ የነበረው የኪራይ ውል ጫፍ ጫፉ ቡናማ ከመሆኑ በስተቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። ደስ ብሎኝ እጄን ስሰድ ግን የካዝናው ውስጥ ከምጣድ ላይ እንደተነሣ አክንባሎ በላብ ወርዝቶ አገኘሁት። የማኅተሙ ቀለም ፈስሶ ከሥሩ ያሉትን ወረቀቶች ወይን ጠጅ አድርጓቸዋል። የዲስኩ ፕላስቲክ ልባስ ተጣሞ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ዘንበል ሳደርገው ከውስጡ የውሃ ጠብታ ወጣ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ወረቀቱን ያዳነ ካዝና ዲስኩን ያላዳነው ለምንድን ነው? ዲስኩስ ተስፋ አለው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፤ ነፍስ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ንብረቱን አላህ ይተካልዎት። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። ከመልሴ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ዲስኩን ከኤሌክትሪክ ጋር አያገናኙት። «ይሠራ እንደሆን ልየው» ተብሎ አንዴ የሚሰካ ገመድ ከእሳቱ የተረፈውን ሊጨርሰው ይችላል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳሕን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ የጥላሸት ብናኝ ከዚህ ክፍተት ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ ስለዚህ ጥላሸት የገባበት ዲስክ ሲሽከረከር መረጃው ያለበትን ንጣፍ እየፋቀ ይሄዳል። በፀሐይ፣ በከሰል ምድጃ ዳር ወይም በፀጉር ማድረቂያ አያድርቁት፤ ሩዝ ውስጥም አይቅበሩት። እርጥበቱ በራሱ ሲደርቅ በውሃው ውስጥ የነበረው ቆሻሻ ሳሕኑ ላይ ይጋገራል። አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው እንዳለ ያቆዩትና አቧራ የማይገባበት ልዩ ክፍል ላለው የመረጃ ማስመለሻ ባለሙያ ብቻ ያስረክቡ። ተስፋ አለው የምለው መረጃውን የያዘው መግነጢሳዊ ንጣፍ ራሱ ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችል ነው፤ ቀድመው የሚጎዱት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ሙጫዎቹና ፕላስቲኮቹ ናቸው።

ወደ ካዝናው ልመለስ። እሳት የማይበላቸው ካዝናዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለወረቀት ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚሞላው ጀሶ ወይም ሲሚንቶ ነክ ነገር በውስጡ የታሰረ ውሃ አለው፤ እሳቱ ሲበረታበት ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ሙቀቱን ይመጥጣል። እርስዎ ያዩት ላብ ከዚያ የመጣ ነው፤ ካዝናው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን ሠርቶ ነው። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደረጃ ተቋም የወረቀት ካዝና ውስጡ ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይጠይቃል፤ ወረቀት ይህን ይችላል። ሃርድ ዲስክ ግን ተቀምጦ እንኳ እንዲችል የሚጠበቅበት በአብዛኛው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ስለዚህም ያው ተቋም ለዲጂታል ማከማቻ ሌላ ደረጃ አለው፤ በዚያ ደረጃ የካዝናው ውስጥ ከ52 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ80 በመቶ ማለፍ የለበትም። በ52 እና በ177 መካከል ያለው ልዩነት ነው የእርስዎን ዲስክ የበላው።

ካዝና ያላችሁ ሁሉ በሩን ከፍታችሁ ከውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «ለሰነድ» ወይም «ለወረቀት» የሚል ከሆነ ለዲስክ እንዳልተሠራ እወቁ፤ ምንም ካልተጻፈበት ደግሞ መከላከያው ለሌባ ብቻ ነው ብላችሁ አስቡ።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)

ወንድማችን ፈጣሪ ያጽናህ። ለዲጂታል የተሠራው ካዝና ዋጋው ለእንደኛ ዓይነቱ እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ታዲያ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር አይሻልም? አባቶቻችን ገንዘብም እህልም በጉድጓድ ያቆዩ ነበር። አፈር እሳትን በሚገባ ይከላከላል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አፈር እሳትን መከላከሉ እውነት ነው፤ አንድ ሜትር ወርዶ የተቀበረ ነገር ላዩ ላይ የነደደው ቤት ሙቀት አይደርሰውም። ነገር ግን በደሴ ክረምት የሚፈሰውን ውሃ ያስቡ። ተዳፋት ላይ የተሠራ ከተማ ነው፤ ከጦሳና ከአዝዋ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አንዳንዱን ግቢ ከሥር ያርሰዋል፣ መሬት የሚንሸራተትባቸው ሰፈሮችም አሉ። የእህል ጉድጓድ የሚቆፈረው ቦታው ደረቅ መሆኑ በዕድሜ ጠገብ ገበሬ ከታየ በኋላ እንደነበር አይዘንጉ። በሦስት ወር ክረምት እርጥበት ያረፈበት ዲስክ ዝገት ይጀምረዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተቀበረ ዲስክ አይታደስም። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ቅጂውን በየሳምንቱ አያወጣም፤ እሳቱ ሲመጣ በእጁ የሚቀረው የዛሬ ሁለት ዓመት ቅጂ ነው።

መዝገብ ቤት (ደሴ)

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። እሳት ብቻ እንደሚያጠፋ አድርገን እንዳናስብ የራሳችንን ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁላችንም የያዝነውን ጥለን ወጣን። ከኅዳር በኋላ ስንመለስ ሰርቨሩ የነበረበት ክፍል ውስጥ የቀረው ከግድግዳ የተነቀለ ገመድ ብቻ ነበር። የመጠባበቂያ ዲስኮቹ በሚቀጥለው ክፍል፣ በተቆለፈ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ቁም ሣጥኑ ተሰብሮ እነሱም ሄደዋል። ዘራፊ ዲስክ ሲያይ የሚያየው ዕቃ ነው፤ በውስጡ የስንት ሰው የጡረታ ማስረጃ እንዳለ አይጠይቅም።

የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባችን ከመውጣታችን ከሁለት ወር በፊት የዓመቱን ሪፖርት ለማዘጋጀት ብላ ሙሉውን ፋይል በፍላሽ ወደ አዲስ አበባ ይዛ ሄዳ ነበር። አሠራሩ የፈቀደላት አልነበረም፣ በወቅቱም ተወቅሳበታለች። ከዚያ ፍላሽ ላይ ነው መዝገቡን መልሰን ያቆምነው፤ የሁለቱ ወር መረጃ ግን እስከ ዛሬ በወረቀት እየተፈለገ ይሞላል። በእኔ እምነት ሊጠየቅ የሚገባው የካዝናው ውፍረት ሳይሆን፣ ዋናውን የሚያጠፋው አደጋ በዚያው ቀን ቅጂውንም ሊያገኘው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው።

ጦሳ (ደሴ)

ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ ጉግል ድራይቭ አለ፣ ሌላም ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ አለ። እዚያ ከተጫነ እሳትም ዘራፊም አይደርስበትም። ሰው ስለ ካዝና ሲከራከር ማየት ያሳዝነኛል።

ፎቶ ቤት (ደሴ)

ወንድሜ ጦሳ፣ ሐሳብህን በቀና ተረድቼዋለሁ፤ እኔም ሞክሬው ነበር። ሆኖም ቁጥሩን እንይ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱም ከኢሜይሉና ከፎቶው ጋር ተደምሮ ነው፤ እኔ በአንድ ሰርግ ብቻ ከ60 ጊጋባይት በላይ ይዤ እመለሳለሁ። ፋይል ወደ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢሆንልኝ አንዱን ሰርግ ለመጫን ሳይቋረጥ 27 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 4 ቴራባይቱን እንጫን ብንል ቀንና ሌሊት 74 ቀን ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህ ወደ ስንት እንደሚዘልቅ አንተው ገምት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት የቆየበትን ጊዜም ሁላችንም አልፈንበታል። ለሰፊው ቦታ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ሌላው ጋሬጣ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

በፎቶ ቤት ላይ የምጨምረው ክላውድ ማለት ሰማይ ላይ ያለ ነገር አለመሆኑን ነው። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ ያም ቤት ይቃጠላል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የመረጃ ማዕከል ሙሉ በሙሉ ወደመ። ከደንበኞቹ መካከል ገንዘብ ከፍለው መጠባበቂያ ቅጂ ያስያዙ ነበሩ፤ የአንዳንዶቹ ቅጂ ግን ከዋናው ጋር በዚያው ሕንፃ ውስጥ ስለነበር ሁለቱም በአንድ ሌሊት ጠፉ። የፎቶ ቤት ጉዳት ማለት ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የተለየው።

ሌላው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሥቶ 709 የመንግሥት አገልግሎቶች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ማከማቻ 858 ቴራባይት ይይዝ ነበር፤ መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ በሌላ ቦታ ቅጂ አልተያዘለትም ነበርና እንዳለ ጠፋ። በቴክኖሎጂ ከዓለም ፊተኛ የሆነች አገር ናት። «ፋይሌ ብዙ ስለሆነ ቅጂ አልያዝኩም» የሚለውን ምክንያት እኔ በየቀኑ ከደንበኛ እሰማለሁ፤ እዚያም የሆነው ይኸው ነው።

ሆኖም ጦሳ ያነሡትን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ትናንሾቹን ፋይሎች፣ ማለትም ውሎችን፣ የሒሳብ መዝገብን፣ የደንበኞች ዝርዝርን፣ የቤተሰብ ማስረጃዎችን፣ ከእያንዳንዱ ሰርግ የተመረጡ 50 ፎቶዎችን ወደ ክላውድ መላክ ይቻላል፣ ይገባልም። ቪዲዮው በዲስክ ይጓዝ።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ትንሽ ነው፣ ስለ ብራና ግን ጥቂት አውቃለሁ። የምትነጋገሩበት ነገር በአገራችን አዲስ አይደለም። በየገዳማቱ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት እቃ ቤት ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ ለብቻው ይሠራል፤ ጧፍ የሚበራውና ዕጣን የሚጨሰው ከቤተ መቅደሱ ስለሆነ መጻሕፍቱ ከእሳቱ እንዲርቁ ነው። ብራናው በቆዳ ማኅደር ሆኖ ከኩላብ ላይ ይሰቀላል፤ ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ እንዲርቅ ነው።

እዚሁ እኛ ዘንድ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያሉት ብራናዎች ደግሞ ከዚያም የራቀ ቅጂ አላቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያን ጥንታውያን መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ የፊልሙ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ ተቀመጠ። ከሐይቅ የተነሣው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የድርሳናት መጽሐፍ በዚያ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 1763 ተሰጥቶት ሊቃውንት ዛሬም ያጠኑታል። በገዳሙ ላይ ክፉ ቀን ቢመጣ፣ እግዚአብሔር አያምጣው፣ ቃሉ ከውቅያኖስ ማዶ አለ። ያ ፊልም ሲነሣ በወቅቱ «ቅርሳችን ወጣ» ብለው ያዘኑ ሰዎች እንደነበሩ ትዝ ይለኛል። የወጣው ግን ጥላው ነው፤ አካሉ እዚሁ ነው።

አንተ ፎቶ ቤት ልጄ፣ የአንድን ከተማ የ11 ዓመት ሰርግ መያዝ ቀላል አደራ አይደለም፤ ጉዳዩን እንዲህ አክብደህ ማየትህ ደስ አሰኝቶኛል።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የመረጃ ሥርዓት አስተምራለሁ። ስለ ርቀት የተባለውን እደግፋለሁ፤ ርቀት ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ልጨምር።

ባለሙያዎች 3፣ 2፣ 1 የሚሉት ሕግ አለ፤ ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ የፎቶ ባለሙያ ነው በስፋት ያስተዋወቀው። ዋናውን ጨምሮ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ ይላል። ሁለተኛውን ቁጥር ሰዎች ይዘሉታል። በአንድ ቀን ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት የፋብሪካ ጉድለት ካላቸው በተቀራራቢ ጊዜ ሊወድቁ ይችላሉ። በሌላ በኩል ፍላሽና ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ መረጃ የሚይዙት በኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው፤ ያ ሙል ያለ ኃይል ሲቀመጥ ቀስ እያለ ይፈሳል። ተደጋግሞ ተጽፎበት ዕድሜውን የጨረሰ ተራ ኤስኤስዲ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል አንድ ዓመት እንዲይዝ ብቻ ነው የኢንዱስትሪው ደረጃ የሚጠይቀው። አዲሱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ቢሆንም በመሳቢያ ውስጥ ረስቶ ለልጅ ልጅ የሚያቆዩት ነገር አይደለም።

ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክንም እንደ መጠባበቂያ አትቁጠሩት። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል፤ መብረቅ ወይም የመብራት ኃይል መዋዠቅም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያቃጥላል። ቅጂው ሲያልቅ ገመዱ ይነቀል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያልተሞከረ ቅጂ ነው። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው የፕሮግራም ባለሙያዎች ድረ ገጽ አንድ ሠራተኛ በስሕተት 300 ጊጋባይት የሚሆን የመረጃ ቋት አጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ሲፈተሽ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። በአጋጣሚ ለሌላ ሥራ የተያዘ የ6 ሰዓት ዕድሜ ያለው ቅጂ ባይገኝ ኖሮ ጉዳቱ ይከፋ ነበር። የመዝገብ ቤቷን እኅታችንን ፍላሽ ያስታውሳችኋል። ስለዚህ በየወሩ ከቅጂው ላይ ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ከመካከሉም ከመጨረሻውም አጫውቱት። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 የሚባል 64 ቁምፊ ያለው አሻራ ያወጣል፤ የዋናውና የቅጂው አሻራ አንድ ከሆነ በመካከል አንዲት ነጥብ አልተበላሸችም ማለት ነው።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእሳት፣ ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት ይህ በቂ ነው፤ ለጦርነት በቂ እንዳልሆነ አይተናል። ለመሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ፤ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው ያለነው፣ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የደረሰው ማጀቴን ማፍረሱን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። አንድ ቅጂ ዓመት በዓል ለመዋል ከሚመጣ ዘመድ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ሩቅ ከተማ ቢሄድ ይህን ክፍተት ይሞላል።

ሙሽራ አልባሽ (ደሴ)

አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የእኔ ደንበኞች ብዙዎቹ ሙስሊም እኅቶች ናቸው፤ በሴቶቹ ዳስ ውስጥ ሒጃባቸውን አውልቀው የተነሡትን ፎቶ የሚያነሡት ሴት ፎቶ አንሺዎች ናቸው፣ ከቤት እንዳይወጣም ቃል ገብተውላቸው ነው። አሁን «ቅጂውን ኮምቦልቻ ሰው ቤት አስቀምጡ» ስትሉ እነዚያ ፎቶዎች የማን ዓይን ሥር ያርፋሉ? እሳትን ስንሸሽ አደራ እንዳንበላ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እኅቴ ያነሡት ትክክለኛ ነገር ነው፤ ቀድመን ልንናገረው ሲገባ ዘልለነዋል። ከቤት የሚወጣ ዲስክ ሁሉ በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ አለበት። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ቢትሎከርን፣ የሌለው ደግሞ በነፃ የሚገኘውን ቬራክሪፕትን መጠቀም ይችላል። እንዲህ የተቆለፈ ዲስክ ከታክሲ ላይ ቢረሳ ወይም ቢሰረቅ ያገኘው ሰው ያለ ቁልፉ ውስጡን ማየት አይችልም። እኔም የሰው ዲስክ ሳስቀምጥ እንዲህ ተቆልፎ ካልመጣ አልቀበልም፤ ባላየው ለእኔም ዕረፍት ነው።

ጥንቃቄው ቁልፉ ላይ ነው። ቢትሎከር 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጣል። ሰዎች ይህን ቁልፍ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡትና ኮምፒውተሩ ሲቃጠል ቁልፉም አብሮ ይቃጠላል፤ ዲስኩ ምንም ሳይሆን በባለቤቱ ላይ ተዘግቶ ይቀራል። ቁልፉን በእስክሪብቶ ሁለት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንዱን ከማትጠረጥሩት የቤተሰብ ሰው ዘንድ አኑሩ። የፎቶ ቤት ካዝና ለዚህ ይሆናል፤ ወረቀት ያድናልና።

የሸዋ በር ልጅ (ደሴ)

ጉድጓዱን ትቻለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዲስክ ከቤት ሲወጣ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ሲንገላታ አይጎዳም? የደሴ ከፍታስ?

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ጠፍቶ መሽከርከር ያቆመ ዲስክ ማንበቢያ ጫፉ ወደ ማረፊያው ስለሚመለስ የመንገድ ንቅናቄን ይችላል፤ የሚጎዳው መውደቅ ነው። በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አይጫን። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ጤዛ ሊያበጅ ስለሚችል ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት አሳርፉት። ከፍታው አያሳስብም፤ አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር እንዲሠሩ ተደርገው ነው የሚመረቱት፣ ደሴ ከዚያ በታች ናት።

ፎቶ ቤት (ደሴ)

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ምክራችሁን ተከትዬ ዲስኩን በላስቲክ እንደታሸገ አዲስ አበባ ላሉ ባለሙያዎች ሰጠሁ። ሰሌዳው ተቃጥሎ ነበር፤ ሳሕኖቹ ግን ደህና ነበሩ። ከ4 ቴራባይቱ 2.6 ያህሉ ተመልሶልኛል። ሰክቼው ቢሆን ኖሮ ይህም እንደማይገኝ ነግረውኛል፤ ቦርከና፣ ውለታዎን አልረሳም።

ለቀረው ያላሰብኩት መንገድ ተከፈተ። ለደንበኞቼ ሥራቸውን የማስረክበው በፍላሽ ስለነበር ሱቁ በር ላይና በቴሌግራም ገጼ «ፍላሻችሁን ለአንድ ቀን አውሱኝ» ብዬ ለጠፍኩ። እስከ ዛሬ 63 ሰዎች መጥተዋል። አንዲት እናት ከኩታበር ድረስ የልጃቸውን ሰርግ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ፍላሹ ለዘጠኝ ዓመት ሳይከፈት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ስከፍተው ሁለት ፋይሎች አልነበብ አሉ፤ ሐረጎ ያሉት የሙል መፍሰስ ይሁን ሌላ አላውቅም። የቀረውን ገልብጬ በአዲስ ፍላሽ አድርጌ መለስኩላቸው። በእጃቸው ያለው ብቸኛው ቅጂ እንደነበር ሲያውቁ ደነገጡ፤ ካሁን በኋላ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ፍላሽ ሰጥቼ «አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ» ለማለት ወስኛለሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አከራዬን አስፈቅጄ በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለውን የኮርኒስ ክፍተት እስከ ቆርቆሮው ድረስ በብሎኬት አስዘግቻለሁ። ከአንድ ፋብሪካ ያልሆኑ ሦስት ዲስኮችም ገዝቻለሁ። አንዱ ሱቅ ይውላል፤ ሁለቱ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየተፈራረቁ ቦርከና ዘንድ ይከርማሉ፣ ስለዚህ ምንጊዜም ቢያንስ አንዱ ኮምቦልቻ አለ። ሁሉም ተቆልፈዋል፤ የሴቶቹን ዳስ ፎቶ የምታነሣው ባለቤቴ ስለሆነች የዚያን ክፍል ቁልፍ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። ለሩቁ ቅጂ ለፋሲካ የሚመጣ ወንድሜን እጠብቃለሁ፤ የሚኖረው አዳማ ነው።

የመጀመሪያው ዲስክ ባለፈው ቅዳሜ የሐረጎን መንገድ ወርዷል። ቦርከና ዲስኩ ላይ ያለውን የተቆለፈ ጥቅል ፋይል ሳይከፍቱ አሻራውን አውጥተው ላኩልኝ፤ ባለቤቴ ከእኛ ወረቀት ጋር ቁምፊ በቁምፊ እያነበበች አስተያየችው። 64ቱም ገጠሙ።